የፀሐይቱ ብሩጎላዎች

መሣሪያ መምረጥ የማይችል ሰው ያናድደኛል። ስሜ ወንድዬ ነው፤ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ፀጉር አስተካክላለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ መቀስ ሊገዛ ይሄድና ስላብለጨለጨ ብቻ ያነሳል። ወር ሳይሞላው መቀሱ ፀጉር መቁረጡን ትቶ ማኘክ ሲጀምር “ዕድሌ ነው” ብሎ ያማርራል። ዕድል ምን አደረገ? መውቀስ ያለበት ዓይኑን ነው። በሰፈራችን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ጥራ ብባል የምጠራው ጎረቤቴን ፀሐይቱን ነው። ግን እውቀቱ እንዲሁ አልመጣላትም፤ ከአባቷ ልትቆራረጥበት ነበር።

ፀሐይቱ ብስክሌት ትጠግናለች። የእሷን ሱቅና የእኔን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሷ ስትቀጠቅጥ የእኔ ደንበኛ ጆሮውን ይይዛል፤ እኔ ሬዲዮ ስከፍት እሷ “ቀንሰው!” ትላለች። ረዘም ያለች፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ከሰማያዊ ቱታዋ የማትለይ ሴት ናት። ሱቁን ስትከፍት “ሴት ሳይክል ትፈታ ይሆናል እንጂ መልሳ አትገጥምም” ያሉ ነበሩ። ዛሬ እነዚያው ሰዎች የልጆቻቸውን ብስክሌት እየገፉ መጥተው ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔም አልምራቸውም፤ በመስኮት ብቅ ብዬ ያሉትን አስታውሳቸዋለሁ።

ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ኦቦ ቡልቻ ናቸው። ኦቦ ቡልቻ ይህ ሁሉ መንደር እርሻ በነበረበት ዘመን እዚሁ የተወለዱ ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡ፤ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆነው እዚያው ሸበቱ። ሲሰናበቱ አለቃቸው ሲሠሩበት የኖሩትን አንድ ሙሉ የብሩጎላ ስብስብ በስጦታ ሰጧቸው። ብሩጎላ ያ እንደ ክርን የታጠፈ፣ ስድስት ጎን ያለው የብረት ቁልፍ ነው፤ የቡሎኑ ራስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያዞረው። የኦቦ ቡልቻ ብሩጎላዎች በቆዳ ተጠቅልለው የሚቀመጡ፣ ጥቁር፣ ከማገልገል ብዛት ቁጥራቸው የጠፋ ነበሩ። ብረታቸው ግን ብረት ነው። አንዱ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ በድምፁ ብቻ አውቀዋለሁ።

ፀሐይቱ ሱቁን የከፈተች ዕለት ኦቦ ቡልቻ ያን የቆዳ ጥቅል ሰው ሁሉ እያየ ለእሷ ሰጧት። ወንድ ልጃቸው ቃልቤሳ አጠገባቸው ቆሟል፤ መሣሪያ የሚወርሰው ወንድ ልጅ ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነበር። እሳቸው ግን የእሷን እጅ ይዘው፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በዚህ እንጀራ በልቻለሁ፤ አንቺም ብዪበት። ያሰርሽው አይፈታ” ብለው መረቋት፤ እትፍ እትፍም አሉባት። ፀሐይቱ አለቀሰች። ቃልቤሳ አጨበጨበ፤ ፊቱ ግን አላጨበጨበም። እኔ ደግሞ ዓይኔ ውስጥ ፀጉር የገባ አስመስዬ ዞር አልኩ።

ጣጣው የመጣው አዲሶቹ ብስክሌቶች ሲበዙ ነው። የድሮዎቹ ቡሎናቸው በተራ መፍቻ ከውጭ ይያዝ ነበር፤ አዲሶቹ ግን ከመሪ እስከ መቀመጫ ሁሉም ነገራቸው ብሩጎላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይቱ የነካቻቸው ቡሎኖች መላጥ ጀመሩ። የቡሎኑ ስድስት ማዕዘን ይበላና ክብ ጉድጓድ ይሆናል፤ ቁልፉ ውስጡ ይዞራል እንጂ ቡሎኑ አይነቃነቅም። ሁላችንም በአንድ አፍ ቡሎኑን ሰደብን። ኦቦ ቡልቻ ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ይቀመጡና “የዛሬ ብረት ሳሙና ነው” ይላሉ። እኔም “እውነትዎን ነው” እላለሁ። ሳያውቁ መስማማት ቀላል ነው።

ሳሪስ አቦ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ፊርዶስ የምትባል ደንበኛ አለችን፤ የታክሲ ሰልፍ አንገሽግሿት ብስክሌት የገዛች ናት። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ቃሊቲ ቁልቁል ስትወርድ የጭነት መኪና ከኋላዋ ጥሩምባ ነፋባት። ወደ ዳር ልትወጣ መሪውን አዞረች። መሪው ዞረ፤ ጎማው ግን በያዘው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ፈጣሪ ሲያወጣት የወደቀችው ዳር ካለው ጠጠር ላይ ነው። በማግስቱ ክርኗን በፋሻ አስራ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ፀሐይቱ በር ላይ መጣች።

“ፀሐይቱ፣ ይህን መሪ ያጠበቅሽልኝ አንቺ ነሽ” አለች፤ አልጮኸችም፣ ሰው ሁሉ ግን ሰማ። “ያን መኪና ባላመልጠው ኖሮ ዛሬ አልቆምም ነበር።”

ከሚጠብቁት አንዱ ቀልደኛ፣ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ቡሎኑን፣ መንገዱን፣ ሹፌሩን ይወነጅላል። ፀሐይቱ ጎንበስ ብላ የቡሎኑን አፍ አየች፤ ተበልቷል። ቀና አለችና፣ “ከእኔ እጅ የወጣ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሳይክሉን ተይልኝ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አልመልስልሽም” አለቻት። በዚያን ሰዓት ኮራሁባት። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ላጨኝ ብሎ የተቀመጠልኝ ሰው “ያቺ የምታስረው የሚፈታባት ልጅ ሱቅ ይሄኛው ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ሰው እጅዋን አምኖ የሚሰጣት ነፍሱን ነው፤ ያ እምነት ከሄደ ሱቁም ሄደ። ኦቦ ቡልቻ ምንም አልሰሙም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ማታ ሱቅ ስንዘጋ ፀሐይቱ፣ “ነገ ሳሪስ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ብሩጎላ ልገዛ ነው” አለችኝ።

“አባትሽ የሰጡሽስ?”

“ጥፋቱ የቡሎኑ ይሁን የቁልፉ ማወቅ አለብኝ። ሌላ ቁልፍ ካልሞከርኩ በምን አውቃለሁ?”

ሳሪስ ገበያ ሀይረዲን የሚባል መሣሪያ ሻጭ ዘንድ ገባን። ፀሐይቱ ኪሷ ውስጥ ሦስት ነገር ይዛለች፤ ከፊርዶስ መሪ ቡሎን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ ቡሎን፣ ትንሽ ሞረድ፣ እና ለዚያ ቡሎን የምትጠቀምበትን የአባቷን ብሩጎላ። ሀይረዲን ወዲያው መስታወት የመሰለ ስብስብ በፕላስቲክ ሳጥኑ አወጣልን።

“ውሰጂ፣ የጀርመን ነው።”

“ጀርመኖቹ ያውቃሉ?” አለችው። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

አንዱን አውጥታ ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረች። “እየው ወንድዬ፣ ገና ሳይሠራበት ማዕዘኑ ደንዝዟል። ጥሩ ብሩጎላ ስድስቱም ጠርዝ ጣት ላይ ይታወቅሃል።” ቀጥላ ሞረዷን ስታወጣ ሀይረዲን እጇን ያዘ።

“እህቴ፣ ሳትገዢ ልትሞርጂብኝ ነው?”

“ጭራው ላይ፣ አንዴ ብቻ። ብረቱ ጥሩ ከሆነ ሞረዱን ያንሸራትተዋል፤ ምንም አይሆንም። ከተበላ ግን ለእኔም ለሌላም አትሽጠው።”

አንዴ ሳበችው። ነጭ ዱቄት ረገፈ። ሀይረዲን አኩርፎ ሌላ አወጣ፤ ያም ተበላ። እንደ ሴንጢ ታጥፈው አንድ ላይ የሚያዙትንም አሳያት። እነሱን ገና ሳትነካ፣ “ለመንገድ ይሆናሉ፤ ጠባብ ቦታ ግን አይገቡልኝም፣ እጀታቸውም አጭር ነው” ብላ መለሰችለት። እኔ ቆሜ ቆሜ እግሬ ዝሏል፤ ሀይረዲን ግን ማኩረፉን ትቶ ነገሩን መውደድ ጀመረ። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብቶ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከሰል የመሰለ ስብስብ ይዞ ወጣ።

“ይሄን ማንም አይገዛኝም። አያብለጨልጭም።”

“አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል” አልኩ፤ የማውቅ መስዬ ነው እንጂ ገና ምንም አላየሁም።

ሞረዱ ጥቁሩን ብረት ሊነክሰው አልቻለም፤ ተንሸራቶ አለፈ። ቁጥሩ ጠልቆ ተቀርጾበታል። ክንዱ ረጅም ነው፤ ብዙ ሳይታገሉ ያጠብቃል። ፀሐይቱ አምስት የሚለውን መርጣ ቡሎኑ ራስ ውስጥ ከተተችው። ሳይጠብቅ ገባ፤ ገብቶም አልተወዛወዘም። ወደታች ብትዘቀዝቀው እንኳ ቡሎኑ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

“ይኸው” አለች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ የአባቷን ከኪሷ አወጣች። “አሁን ከዚህ ጋር አወዳድርልኝ። የአባቴ ነው። በብረት ከዚህ የሚበልጥ አታመጣም።” እንዳለችውም ሞረዱ የአባቷን ጭራሽ ሊነካው አልቻለም። ቡሎኑ ውስጥ ስትከተው ግን ቁልፉ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ የልጅ እግር በአባት ጫማ ውስጥ እንደሚወዛወዘው።

ሀይረዲን ምንም ሳይናገር የውፍረት መለኪያውን አመጣና ቁልፉን ለካ። “ይሄ አምስት ሚሊ አይደለም፤ አራትም አይደለም” አለ። “እህቴ፣ ይሄ የኢንች ነው። የድሮ ፋብሪካ ማሽኖች ቡሎናቸው በኢንች ነበር። የአንቺ ሳይክል በሚሊ ነው።”

ነገሩ አሁን ገባኝ። አንዳንዶቹ የኦቦ ቡልቻ ቁልፎች በአጋጣሚ ከሚሊው ጋር ይቀራረባሉ፤ እነሱ ሲሠሩ አይተን ሌሎቹን አልጠረጠርንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ ለስላሳ ብረት ቢሆኑ ራሳቸው ይላጡና እናውቅባቸው ነበር። በአቃቂ የሌለ ብረት ስለሆኑ እነሱ ሳይላጡ ቡሎኑን ላጡት። የሰደብነው ቡሎን ሁሉ ንጹሕ ነበር።

ጥቁሩን ስብስብ ገዝታ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። “እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?” አለች። “ወንድሜን አልፈው ለእኔ ነው የሰጡኝ። ሰው ፊት ነው የመረቁኝ። አሁን ‘አባዬ፣ የሰጡኝ አይሆንም’ ልበላቸው? የዕድሜ ልክ ሥራዎ አይሆንም ማለት እኮ ነው። ከዚያ በኋላ በር ላይ መጥተው የሚቀመጡ ይመስልሃል?”

“ንገሪያቸው። በመሪ ቀልድ የለም” አልኳት።

“እነግራቸዋለሁ። ቀስ ብዬ።”

ቀስ ማለቷ አላማረኝም። የአባቷ ጥቅል እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ በክብር ተሰቅሏል፤ አዲሶቹ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ተደብቀዋል። ኦቦ ቡልቻ ወደ መንገድ ሲዞሩ ታወጣቸዋለች፤ ወደ እሷ ሲዞሩ ትመልሳቸዋለች። በገዛ ሱቋ ሌባ መሰለች። ሥራዋ ግን ተመለሰላት። የፊርዶስን ብስክሌት በአዲስ ቡሎን አሰረች፤ ጎማውን እግሯ መሃል ይዛ መሪውን ብትታገለው ፍንክች አላለም። “ነገ ጠዋት ውሰጂ” ብላ ደወለችላት።

በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን እንደላጨሁት ፀሐይቱ በሬን በርግዳ ገባች። መዳፏ ላይ ያ አዲስ ቡሎን አለ፤ አፉ እንደገና ተበልቷል።

“ወንድዬ፣ እጄ ነው እንዴ?”

ስትጠራጠር ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ተናደድኩ። “እጅሽ አይደለም! ቁልፉ ልክ፣ ቡሎኑ አዲስ፣ ትናንት ራሴ አይቼዋለሁ። ሌላ እጅ ገብቶበታል። ከአንቺ ሌላ ሱቁን ማን ይከፍታል?”

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ኦቦ ቡልቻ ቁልፍ አላቸው፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት ደጁን ይጠርጉላታል። ፀሐይቱ ለፊርዶስ አንድ ቀን ታገሺኝ አለቻትና ቡሎኑን ዳግም ቀየረች።

በሚቀጥለው ማለዳ ሁለታችንም ቀድመን መጥተን እኔ ቤት ገባን፤ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ማየት ጀመርን። ኦቦ ቡልቻ መጡ። ደጁን ጠረጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፣ የቆዳውን ጥቅል ከግድግዳው አወረዱ፣ ተሠርተው ባለቤት ወደሚጠብቁት ብስክሌቶች ሄዱ። በየተራ፣ እያንዳንዱን ቡሎን፣ ከልባቸው እየተጫኑ ያጠብቁ ጀመር።

ፀሐይቱ አፏን በእጇ ያዘች። “የመጨረሻ እጅ” አለች በሹክሹክታ። “ስለ ፋብሪካው ሲነግሩኝ የኖሩት ነው። ወጣቶቹ ማሽን ገጥመው ሲጨርሱ ዋናው መካኒክ በሁሉም ቡሎን ላይ አንዴ ያልፍበታል። የእሱ እጅ ሳያርፍ ማሽኑ አይነሳም። ለእኔም… ይኸው ስንት ጊዜ… ሳይነግሩኝ…”

እንዳትከፋ ብለው ነው ያልነገሯት፤ ያላመኗት እንዳይመስላት። ልውደድዎት ወይስ ልናደድብዎት? በዚህ መሃል ፊርዶስ ወደ ሥራ ስታልፍ ብስክሌቷን ልትወስድ ከች አለች። ኦቦ ቡልቻም የእሷው ብስክሌት ላይ ደርሰዋል።

“እንደምን አደሩ አባባ?”

“ነይ ልጄ። መሪውን አንዴ ላጥብቅልሽና ትወስጂዋለሽ።”

ፀሐይቱ እንዴት እንደወጣች አላየሁም። እኔ በሩ ላይ ስደርስ እሷ ያባቷን እጅ አንጓ ይዛለች። “አባዬ፣ ይተዉት!”

ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ያባቷን እጅ በሰው ፊት አትይዝም። ፊርዶስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸች። ኦቦ ቡልቻ መጀመሪያ የያዘቻቸውን እጅ፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ።

“እጄን ያዝሽ?”

“ያዝኩ” አለች። “ይህ ቁልፍ የፋብሪካው ነው አባዬ፤ በኢንች ነው። ይሄ ቡሎን በሚሊ ነው። ብረትዎ ምንም አይወጣለትም፤ ልኩ ነው ያልሆነው። ቡሎኖቹን የላጥናቸው እኛ ነን።” አዲሱንም ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ኢንችን ለኦቦ ቡልቻ የሚያስረዳ የለም፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በኢንች ነው። በሕይወታቸው ያላጋጠማቸው ሚሊው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ቁልፍ ቡሎኑ ውስጥ ከተቱ፤ ተወዛወዘ። ጥቁሩን ከተቱ፤ ዝም አለ። አንዴ ደገሙት። ደግመው የሚያረጋግጡት ነገር አልነበረም፤ እጃቸው መጀመሪያውኑ ነግሯቸዋል። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው የፊርዶስን ክርን አዩ። ፋሻው ወርዷል፣ ጠባሳው ግን ገና ቀይ ነው።

“ያን ቀን መሪሽን ያጠበቅሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው?”

ፊርዶስ ፀሐይቱን አየች። ፀሐይቱ፣ “ሁለታችንም ነን” አለች።

ኦቦ ቡልቻ ባርኔጣቸው ገና በእጃቸው ነበር። ሽማግሌው ሰውዬ ለዚያች ወጣት ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው፣ “ይቅር በይኝ ልጄ” አሏት። ፊርዶስ ደንግጣ፣ “ኧረ ይተዉ አባባ! ድኗል እኮ፣ ምንም አይለኝም” እያለች ዘላ ያዘቻቸውና እጃቸውን ሳመች። እኔ በዚህ ጊዜ ፀጉር ዓይኔ ገባ ማለትም ሰለቸኝ፤ በግልጽ አለቀስኩ።

ፀሐይቱ አባቷ ጥቅላቸውን አንስተው ወደ ቤት የሚሄዱ መስሏት በሩን ታያለች። እሳቸው ግን ጥቁሩን ብሩጎላ እንደያዙ ቀስ ብለው በርከክ አሉ፤ የፊርዶስን መሪ ቡሎን አጠበቁ፣ ጨረሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ቁልፉን ለልጃቸው ዘረጉላት።

“በይ።”

“ምን ላድርግ?”

“የመጨረሻ እጅ።”

ፀሐይቱ ቁልፉን ተቀበለች። ኦቦ ቡልቻ ወደኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፤ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው እንደ ጀማሪ ቆሙ። እሷ ጎንበስ አለች፣ ቁልፉን ከተተች፣ ተጫነች። ቡሎኑ አልተነቃነቀም።

“ልክ ነው” አለች።

ኦቦ ቡልቻ የያዙትን ትንፋሽ ያኔ ለቀቁት።